የአገር ቤት ደብራችንና የምንልከው ገንዘብ

(በማኅበራችን ወርሃዊ የእሑድ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። በቦታው ላልነበሩት እንዲደርስ ራሷ ጽፋ ሰጥታናለች።)

እኔ የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገርም አልለመድኩም። ሰብሳቢያችን «ያን ለእኔ የነገርሽኝን ለሁሉም ንገሪ» ስላለችኝ ነው የቆምኩት። ብሳሳት አርሙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፋሲካ በኋላ ከአገር ቤት በስልኬ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። የላኩት የሰበካው ሰዎች ናቸው። «ውጭ ያላችሁ የሚካኤል ልጆች፣ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በብሎኬትና በሲሚንቶ አዲስ ሊሠራ ስለሆነ እያንዳንዳችሁ ሁለት መቶ ዶላር ላኩ» ይላል። ሁለት መቶ ዶላር የአንድ ወር ደሞዜ ነው። ቢሆንም ለሚካኤል ስለት አለብኝ፣ ደስ እያለኝ ልልክ ሄድኩ። ሐዋላ ቤት ተሰልፌ ወረፋዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው አንድ ነገር ትዝ አለኝና ከሰልፉ ወጣሁ። ያን ቀን ሳልልክ ተመለስኩ።

ትዝ ያለኝን ከመናገሬ በፊት ደብራችን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

አገሬ ደቡብ ጎንደር፣ እስቴ በኩል ነው። ከሩቅ ስትመጡ መጀመሪያ የሚታያችሁ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን ደኑ ነው። ዙሪያው ሁሉ የታረሰ መሬት ሆኖ መሐል ላይ ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛና ኮሶ ተጠጋግቶ ቆሟል። ከደኑ ውስጥ ክቡን ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው። በአያቴ ጊዜ ጣሪያው ሰንበሌጥ ነበር፣ እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ሸክም እያመጣ ነበር የሚከደነው። በኋላ ሕዝቡ አዋጥቶ ቆርቆሮ አለበሰው። ደወሉ ደግሞ ብረት እንዳይመስላችሁ። በእንጨት ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ረጃጅም ድንጋዮች ናቸው፣ በትንሽ ድንጋይ ሲመቱ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል።

ውስጡ እንደምታውቁት ሦስት ክፍል ነው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣለ አይደለም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ማንበብ ሳልችል የማውቀው ታሪክ ሁሉ ከዚያ ያየሁት ነው። እናቴ በሴቶች በኩል አስቁማኝ «ጥሩ ሰው በሁለት ዓይኑ ያይሻል፣ ክፉ ሰው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው» ትለኝ ነበር። እውነትም የድሮ ሠዓሊዎች ክፉዎችን በጎን ነው የሚሥሏቸው። እዚህ አገር መጥቼ የሰው ፊት ማንበብ ሲቸግረኝ ይህ አባባሏ ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

እኔ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና የተነሳሁት እዚያ ነው። አያቴም አባቴም የተቀበሩት እዚያው ደን ውስጥ ነው። ደብር ማለት ለእኛ ይሄ ነው፤ ስምሽ የሚወጣበትም የምትቀበሪበትም ቦታ ነው። እህት ሞታብን ሬሳዋን ወደ አገር ለመላክ ስናዋጣ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

ሰንበቴውን ደግሞ አንርሳ። በሰንበቴ አባላቱ ተራ አላቸው። ተራው የደረሰ እሑድ ዳቦና ጠላ ይዞ ይመጣል። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ሰንበቴ ቤት ገብቶ ይቀምሳል፣ የኔ ቢጤውም የቆሎ ተማሪውም አብሮ ይበላል። የታመመ ካለ እዚያው ይነሳል፣ የተጣላ ካለ እዚያው ይታረቃል። በ2012 ዓ.ም. እዚህ ቤይሩት የዶላሩ ችግርና ኮሮና ሲደራረቡ ስንት እህት ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ላይ ቀረች! ያኔ እኛ ምስርና ሩዝ አዋጥተን አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ሆነን ስንተኛ፣ ተራ አውጥተን ስናበስል ማን አስተማረን? ማንም አላስተማረንም፣ ከሰንበቴ ያየነው ነው። ሙስሊም እህቶቼም ከየመንደራቸው ያመጡት እንዲሁ ያለ ነገር አላቸው። ከወሎ የመጣች አንዲት እህታችን በመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ አባቷ ድንጋይ እንዳመላለሱ፣ መስጊዱ ሲሠራም ክርስቲያኖቹ እንደዚያው እንዳደረጉ አጫውታኛለች።

አሁን ከሰልፍ ያስወጣኝን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ለእረፍት አገር ቤት ስገባ፣ ከእኛ አጠገብ ያለ አንድ ደብር አሮጌው ፈርሶ አዲስ ተሠርቶ ነበር። እኔም ያኔ ሃምሳ ዶላር ሰጥቻለሁ። ሳየው ትልቅ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ደስ አለኝ። «ሥዕሎቹስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ዕቃ ቤት ወሰዱኝ። ሲያፈርሱ ጨርቁን ከግድግዳው ልጠው እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው ጥግ አስቀምጠውታል። እርጥበት ገብቶበት፣ አይጥ በልቶት፣ ስንዘረጋው ቀለሙ እንደ ዱቄት ረገፈ። አንዲት የመልአክ ዓይን ብቻ ቀርታ አየሁ። ማንም በክፋት አላደረገውም። ለማስቀመጥ የሚያውቅ ሰው አልጠሩም፣ ገንዘብ የሰጠነውም ሰዎች አንድ ቃል አልጠየቅንም። እኔ በሃምሳ ዶላሬ ያን ሥዕል አብሬ አፍርሻለሁ ማለት ነው።

ለዚህ ነው የኛንም ሳልጠይቅ አልልክም ያልኩት። ቀላል አልነበረም። በመንደሩ «ልጅሽ ዶላር ስታይ ሚካኤልን ረሳች» ብለው ለእናቴ ነግረዋት እያለቀሰች ደወለችልኝ። እኔም ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። በማግስቱ የኔታን አገናኙኝ አልኩ። የኔታ ወንድሜን ፊደል ያስቆጠሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው። «የኔታ፣ እውነት ቤተ ክርስቲያኑ ሊወድቅ ነው?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ግድግዳው ደህና ነው። ቆርቆሮው ዝጎ በሰሜን በኩል ያፈሳል፣ ውኃው ሥዕሉ ላይ ሊደርስ ነው። እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ዲያቆን አጣን» አሉኝ።

ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። ዲያቆናቱ ወጣቶች ናቸው፣ ወጣቱ ደግሞ እንደ እኛው ተሰደደ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያን መሬት ከሄደ ወዲህ የገጠር ካህን እንደማንኛውም ገበሬ አርሶ ነው የሚያድረው፤ የተረፈው ሕዝቡ የሚያዋጣው እህል ነው። ባለፈው አንድ እሑድ ሰው ተሰብስቦ ዲያቆን ጎድሎ ሳይቀደስ ተመልሷል። ታዲያ አዲስ ሕንፃ ሠርተን ማን ሊቀድስበት ነው?

ደኑም እንዲሁ ነው። እመጓን የጻፉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ተመራማሪ ናቸው፣ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑ ሰው ናቸው። በአንዳንዶቹ ደብሮች ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ዙሪያውን ክቦ ከብት እንዳይገባ፣ ችግኙም እንዲያድግ ተደርጓል። ለዚህ ጉልበት እንጂ ሲሚንቶ አያስፈልግም።

እህቶቼ፣ «ገንዘብ አትላኩ» እያልኩ አይደለም። እዚህ ማኅበራችን ውስጥ አሥር ዶላር ሲወጣ ደረሰኝ እንጠይቅ የለ? ለአገር ቤትም እንዲሁ እንጠይቅ ነው የምለው። እኔ ከራሴ የተማርኩት ይህን ነው።

አንደኛ፣ «ይፈርሳል» ከተባላችሁ ለምን እንደሚፈርስ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ጥቂት ቆርቆሮና ውኃውን የሚያስቀይስ ቦይ ነው። ቅርስን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ስለዚህ ከመነካቱ በፊት ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ሄደው ባለሙያ እንዲያይላቸው ንገሯቸው።

ሁለተኛ፣ ያለው ዕቃ ሁሉ ይመዝገብ። መስቀሉ፣ የብራና መጽሐፉ፣ ጸናጽሉ፣ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ፎቶ ይነሳ፣ መዝገቡም በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ፎቶውን ግን ቲክቶክ ላይ እንዳትለጥፉ! ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እንኳ በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ነበር፤ ታዋቂ ስለሆነ ተፈልጎ ተመለሰ። የእኛ መንደር መስቀል ቢጠፋ ማን ያውቀዋል?

ሦስተኛ፣ ለሰውም እንስጥ። ለአንድ የቆሎ ተማሪ ቀለብና ልብስ ከብሎኬት ያነሰ ገንዘብ ነው።

እኛ ከአንድ ቀበሌ የመጣን ስድስት ልጆች ነን። ተነጋግረን ሠላሳ ሠላሳ ዶላር አዋጣን። ለሰሜኑ ጣሪያ ቆርቆሮና ምስማር ተገዝቷል፣ ክረምቱ ሳይገባ ይመታል ተብሏል። ደረሰኙን በፎቶ ልከውልናል። «ይፍረስ፣ አይፍረስ» የሚለውን ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይወስናል። ምናልባት ይፈርሳል ይሉ ይሆናል፣ እኔ እዚያ የለሁም። የኔታ ግን የእኛን መልእክት ጉባኤው ላይ እንደሚያነቡ ቃል ገብተውልኛል። እናቴም አሁን አታለቅስም፤ «ቆርቆሮው መጣ» ብላ እልል እያለች ነው የደወለችልኝ።

ዛሬ ማታ ስልክ የምታገኙ ወደ ቤት ደውሉ። «ብር ደረሳችሁ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ደብራችን እንዴት ነው? መስጊዳችን እንዴት ነው? ማን ይጠብቀዋል?» በሉ። እኛ እዚህ የሰው ቤት ስንጠብቅ የራሳችን እንዳይፈርስብን።

ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን።