ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ላሰባችሁ
(በማኅበራችን አዳራሽ ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ከሰፈራችን ልጆች ብዙዎቹ ዕቃ ለማድረስም ሆነ ሥራ ቦታ ለመመላለስ ሞተር ብስክሌት መግዛት ያስባሉ። አዲሱ ከአቅም በላይ ስለሆነ ዓይናቸው ያገለገለው ላይ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ትርፍ ገንዘብ አይደለም፤ የእናት ዕቁብ ነው፣ የወንድም ብድር ነው። ስለሆነም እኛ የኮሚቴው አባላት ከሰፈራችን መካኒኮች ጋር ተመካክረን ይህን አዘጋጅተንላችኋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ እንበል። ዋጋ ማለት ሻጩ የጠራው ብቻ አይደለም። ስም ማዛወሪያው፣ ዓመታዊ ምርመራው፣ መድኑ፣ ጎማው፣ ሄልሜቱ ሁሉ ዋጋ ነው። ለምሳሌ በእጃችን 100,000 ብር ቢኖር የ80,000 ብሩን እንፈልግ፤ የቀረውን ለእነዚህ እናስቀምጥ። ያለውን ሁሉ ለሻጭ አስረክቦ ባለቀ ጎማና ያለ ሄልሜት መንገድ የሚወጣ ልጅ ምንም አልቆጠበም።

ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። ሊብሬውን ተቀብለን የሻንሲ ቁጥሩን ከመሪው አንገት ላይ ከተመታው፣ የሞተር ቁጥሩንም ሞተሩ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ እናመሳክር። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዙሪያው የተበየደ ከሆነ ወሬ አናብዛ፤ ተሰናብተን እንሂድ። ሊብሬው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ መሆን አለበት። «በውክልና ነው የምሸጠው» የሚል ከመጣ ውክልናው እንዳልተሻረ ሰነድ ካረጋገጠው መሥሪያ ቤት እንጠይቅ። ዕዳና እግድ እንደሌለበትም ከትራንስፖርት ቢሮ እናጣራ። ገንዘብ ሻይ ቤት ውስጥ አይቆጠርም፤ ስሙ በሚዛወርበት ጊዜ ነው የሚከፈለው። የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ሞተሩንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል።

ወረቀቱ ከተስተካከለ ወደ ሞተሩ እንምጣ። በጠዋት እንሂድ፤ ሞተሩንም በእጃችን ነክተን እንይ። ቀድሞ ሞቆ ከጠበቀን ሻጩ ያስቸገረውን አነሳስ ደብቆን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እስኪቀዘቅዝ እንቆይና በፊታችን ይነሣ። ሰማያዊ ጭስ ካልተወ ዘይት ያቃጥላል ማለት ነው፤ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ጥገናውም ውድ ነው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል፤ ይህ አንዳንዴ በካርቡራተር ማስተካከል ይድናል። በብርድ ጠዋት ታይቶ ወዲያው የሚጠፋ ነጭ ጭስ እንፋሎት ስለሆነ አያስፈራም።

ከኋላ ቆመን ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን እንይ። ቴላዮው ላይ ብየዳ ካለ ወይም መሪው ሲዞር መሐል ላይ የሚይዝ ከሆነ ወድቆ ወይም ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል። ካቴናውን ከኋላ ጥርሱ ላይ ሳብ እናድርገው፤ ከጥርሱ ከራቀ፣ ጥርሱም እንደ መንጠቆ ከሾለ አልቋል። ሲቀየርም ካቴናውና ሁለቱ ጥርሶች አብረው ነው። የኪሎሜትር ቆጣሪውን ብቻ አንመን፤ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። የእግር መርገጫውና የእጅ መያዣው ጎማ ክፉኛ ተበልቶ ቆጣሪው ጥቂት ካሳየ ነገር አለ።

እንግዲህ ጉድለት ያለበት ሁሉ አይጣልም። ጎማ፣ ባትሪ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ የሚቀየሩ ናቸው፤ መካኒኩ ወጪውን ገምቶ ከዋጋው ላይ ይቀነስልን። የተጣመመ ቴላዮ፣ ሰማያዊ ጭስና የማይመሳከር ወረቀት ግን በቅናሽ አይካካሱም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ትልቅ ጉልበት አይመኝ። ለከተማ ሥራ እንደ ቦክሰር 100 ያለው ይበቃል። ቀላል ነው፣ ቤንዚን አይፈጅም፣ ሲወድቅም አንድ ሰው ያነሣዋል። አፓቼ 180 ያምራል፤ ለጀማሪ እጅ ግን ይፈጥናል። የምንመርጠው ሞዴል መለዋወጫው እዚሁ ከተማ መገኘቱንም አስቀድመን እንጠይቅ። የት ልንነዳው እንደተፈቀደም እንወቅ፤ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ብስክሌት ላይ ገደብ ስትጥል ብዙ ሰው ሞተሩን ቤት አቁሞ ነበር።

ሄልሜት ግን ያገለገለ አይገዛም። አንድ ጊዜ ከተመታ የውስጡ ስፖንጅ ይጨመቃል፤ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ለሚፈናጠጠውም ሰው ሌላ ያስፈልጋል። መንጃ ፈቃድም ከሞተሩ በፊት ይውጣ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ መሆኑን በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ደንግጓል፤ የምንገጨው የጎረቤት ልጅም ሊሆን ይችላልና ይህን እንደ ዕዳ አንየው።

ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ብሎ ቢያጣድፋችሁ ይምጣ በሉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሞተር ሌላም አለ፤ የእናታችሁ ዕቁብ ግን ቶሎ አይደርስም።

ለመግዛት የወሰነ ልጅ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ለኮሚቴው ይንገር። አንድ መካኒክና አንድ ሽማግሌ አብረውት ይሄዳሉ። ወላጆችም ልጆቻችሁን ብቻቸውን አትስደዱ፤ አደራ።