የቁርስ ሰዓት



ያደግሁት ዓለም ገና ነው፤ የጅማና የቡታጅራ መንገዶች ከሚለያዩበት አጠገብ። ማለዳ ላይ የክለብ አውቶቡሶች አትሌቶችን አምጥተው አስፋልቱ ዳር ያወርዱ ነበር። አትሌቶቹ በአንድ ረድፍ ወደ ሰበታ ሲያቀኑ የኋለኛው የፊተኛውን እግር ይከተላል። እኔም ደብተሬን በብብቴ ሸጉጬ እስኪደክመኝ እከተላቸዋለሁ። አውቶቡሶቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ደስ ይለኝ ነበር፤ መከላከያ፣ ማረሚያ፣ ሙገር ሲሚንቶ። የዩኒቨርሲቲ ስም ግን አንድም ቀን አላነበብኩም።

የሩጫ ታሪካችንም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ኦሊምፒክ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ኦሊምፒክ ላይ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን የጠቀለለው ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ልጅ ነው። ጦሩም ፋብሪካውም ለሯጩ ደመወዝ ሰጡት፣ መኝታ ሰጡት፣ የጠዋት ሰዓቱንም ለቀቁለት። እኔ ከሁሉም የምቀናው በዚህ በመጨረሻው ነው። በሌላ አገር ግን ዩኒቨርሲቲም ይህን አድርጓል፤ ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1970 ዓ.ም.፣ በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር፣ አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

የኔን ልንገራችሁ። የተማርኩበት ኮሌጅ ስሙ ይቆየኝ። ረጅሙን ሩጫ ጨርሼ ስመለስ ካፌው ተዘግቷል። ላቤ ሳይደርቅ፣ ባዶ ሆዴን፣ የ2 ሰዓቱ ክፍል እገባለሁ፤ መምህሩ ሲያስረዳ እኔ እንቅልፍ ይዞኛል። የከለከለኝ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ሴሚስተር ግን የመሮጫ ጫማዬን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከእናንተ ከዛሬ ተመራቂዎች መካከል በስፖርት ሳይንስ የተመረቃችሁ ወደየወረዳው ትሄዳላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ታስተምራላችሁ። ይህን ዝቅ አድርጋችሁ እንዳታዩት። በቆጂ ላይ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ እነ ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። የልጅን አረማመድ አይቶ የሚለይ ዓይን ከእናንተ ይጠበቃል።

ክቡር የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ ዛሬ ጠዋት ግቢውን ስዞር የመሮጫ መም እንደሌላችሁ አየሁ። ይህ አያሳስብዎ። ሱሉልታ ሜዳው አለ፣ እንጦጦ ጫካው አለ፣ ሰበታ አስፋልቱ አለ፤ ኮረኮንቹማ የትም ነው። የዓለም ሻምፒዮኖች የሚሮጡበት መሬት ለተማሪዎችዎም በነፃ ተዘርግቷል።

የምለምንዎ ሌላ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የካፌው በር ለሯጮቹ እስከ 3 ሰዓት ክፍት ይሁንላቸው፤ የጠዋት ክፍላቸውም ከዚያ በኋላ ይጀምር። የካፌው ሥራ አስኪያጅ ቢፈቅዱልኝ፣ የመጀመሪያው ቀን ከልጆቹ ጋር ሮጬ እመጣለሁ፤ ቁርሱንም አብሬያቸው እበላለሁ።