የመለያየት ውሳኔና የመለያየት ውል፦ በ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ዙሪያ ያልተካሄደው ክርክር



የዛሬው ንግግሬ አንድ አገር ከነበረበት የፖለቲካና የንግድ አንድነት ሲወጣ በአደባባይ ስለሚነሣው ክርክር ነው። ምሳሌዬ የኤርትራ ከኢትዮጵያ መለየት ሲሆን፣ ዓመታቱን የምጠቅሰው በእኛው አቆጣጠር ነው። መከራከሪያዬን ከወዲሁ ላስቀምጥ። መለያየት ሁለት ጥያቄዎችን ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው «እንለያይ ወይስ አንለያይ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «በምን ውል እንለያይ?» የሚል ነው። በ1985 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጥያቄ የሁሉንም ስሜት ጠቅልሎ ወሰደ፤ ሁለተኛው ግን በአደባባይ ተከራካሪ አላገኘም። ብዙ ዋጋ ያስከፈለን ይኸው ሁለተኛው ነው።

አንድነቱ የንግድም አንድነት እንደ ነበር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 390 ፌዴሬሽኑ አንድ የጉምሩክ ክልል እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። መነሻቸው ወይም መድረሻቸው ኤርትራ ከሆነ ሸቀጦች የሚገኘው ቀረጥም ለኤርትራ እንዲሰጥ ተወስኗል። ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ቀድሞ የተቀጣጠለው የትጥቅ ትግል እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር መጨረሻ በአዲስ አበባ በተካሄደው የሽግግር ጉባኤ ላይ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው የተገኙት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ መለያየቱን ተቃወሙ። በአንድ ወገን የቆሙት ወገኖች ጉዳዩ የመላው ኢትዮጵያ ነው፣ የሽግግር መንግሥትም እንዲህ ያለውን ነገር የመወሰን ሥልጣን የለውም፣ የባሕር በርም ያለ ሕዝብ ምክክር ሊተው አይገባም ይሉ ነበር። በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ ሠላሳ ዓመት የተዋጋን ሕዝብ በኃይል ማቆየት አይቻልም፣ የሚወስነውም ራሱ ነው የሚል መልስ ነበራቸው። ሁለቱም ወገኖች ክብደት ያለው ምክንያት ይዘው ነበር።

ክርክሩ ግን በምክንያት አልተዳኘም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሕዝበ ውሳኔውን በመቃወም ወጡ፤ ሰልፉ በጥይት ተበተነ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በወራት ውስጥ ፕሮፌሰር አሥራትን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። ከሚያዝያ 15 እስከ 17 በተሰጠው ድምፅ 99.8 በመቶ የሚሆነው መራጭ ነፃነትን መረጠ፤ ግንቦት 16 ቀን ኤርትራ ነፃነቷን በይፋ አወጀች።

ይህ አኃዝ የኤርትራን ሕዝብ ፈቃድ ያሳያል፤ ስለ ውሉ ግን የሚነግረን ነገር የለም። ሁለቱ መንግሥታት ስምምነቶችን ቢፈራረሙም በየትኛውም ወገን ሕዝብ ፊት ቀርበው በአግባቡ አልተመረመሩም። ብር የሁለቱ አገሮች መገበያያ ሆኖ ቀጠለ፤ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድም በአብዛኛው በአሰብ ያልፍ ነበር። የገንዘብ ፖሊሲውን ማን ይወስናል? በአንዱ አገር የሚኖር የሌላው ተወላጅ ዜግነቱ ምንድን ነው? ድንበሩስ በየት ያልፋል? እነዚህ ጥያቄዎች በወዳጅነት ስም ታለፉ። በኅዳር 1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ባወጣች ጊዜ ሁለቱ ገንዘቦች እኩል ዋጋ ይዘው እንዲዘዋወሩ ፈለገች። ኢትዮጵያ ግን ከአነስተኛ የድንበር ግብይት በቀር ንግዱ በውጭ ምንዛሪና በባንክ ሰነድ እንዲሆን ወሰነች። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በባድመ ተኩስ ተከፈተ። የጦርነቱ መንሥኤ ገንዘብ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ያልተቋጨ ውል ግን አለመግባባቱን የሚያበርድ ተቋም እንዳይኖር አድርጓል።

ይህ ሁሉ ለቢቸና እና ለሞጣ ምን ይመለከተዋል? መልሱ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አለ። የእናርጅ እናውጋ፣ የእነማይ ወይም የሁለት እጁ እነሴ ገበሬ ለጤፉና ለስንዴው የሚጠቀምበት ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ ጭነት ወደ ጅቡቲ ሲዞር ገበሬው የአንድ ወደብ ጥገኛ ሆነ። አሰብ ላይ የሆነውን ማንም አላማከረውም፤ ከመዘዙ ግን አላመለጠም።

ይህ አካባቢ ያልተመከረበት ውሳኔ ምን እንደሚያስከትል ከማንም በላይ ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሞጣ፣ ቢቸና እና ዳሞት ዐመፁ። ገበሬውን ያሠጋው የግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ተመልካቹ መሬቱን ሲገምት ርስቱ ይነጠቃል የሚል ፍርሃትም ነበረው። ሕጉ አዲስ አበባ ላይ በምክር ቤት አልፏል፤ አፈጻጸሙን ግን ለገበሬው ያስረዳ፣ ሥጋቱንም ያደመጠ አልነበረም። ጦር ዘመተ፤ በመጨረሻ ግን እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ተማረ። በአንጻሩ፣ በዚሁ ምድር ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ «ተካፍለናል» ብለው ብቻ አይለያዩም። ወሰኑን፣ የከብት መተላለፊያውን፣ የውኃ መውረጃውን በሽማግሌ ፊት ይለያሉ፤ ምስክርም ያቆማሉ። መካፈሉ ወንድምነትን አያፈርስም፤ ያልተለየ ወሰን ግን ያፈርሳል።

ከባሕር ማዶ ብሪታንያን እንመልከት። ሰኔ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. 51.9 በመቶው መራጭ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣትን መረጠ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ተኩል ምክር ቤቱ ተናጠ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሯ የመውጫ ውል ሦስት ጊዜ ውድቅ ሆነ፤ እርሳቸውም ሥልጣን ለቀቁ። ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አገሪቱ ስትወጣም የአሥራ አንድ ወር የሽግግር ጊዜ ነበራት። ብዙዎች ይህን እንደ ውርደት ተመልክተውታል፤ ቁጣውም እስከ ዛሬ አልበረደም። ሆኖም ስለ ቀረጡ፣ ስለ ነዋሪዎች መብት፣ ስለ አየርላንድ ድንበር በአደባባይ ተጨቃጭቀዋል፤ ጭቅጭቁም ወደ ጦር ሜዳ አልተሻገረም። 51.9 በመቶ ከነጭቅጭቁ ሰላም ሲያተርፍ፣ 99.8 በመቶ ከነዝምታው በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ጦርነት ገባ። የሁለቱ አገሮች ታሪክ እጅግ የተለያየ ነው፤ ንጽጽሩ ግን የድምፅ ብዛት የውልን ቦታ እንደማይተካ ያስተምረናል።

እኛም ትምህርቱን በቶሎ አልቀሰምነውም። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ ድንበር በእልልታ ሲከፈት ቤተሰብ ተገናኘ፤ ጤፍና ሲሚንቶ ወደ ሰሜን ተጫነ። ግልጽ የጉምሩክና የመገበያያ ደንብ ግን አልነበረም፤ በወራት ውስጥም በሩ ተዘጋ። ፍቅርም እንደ ጠብ ውል ያስፈልገዋል።

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ጉዳይ እንደገና የአደባባይ መነጋገሪያ ሆኗል። ዛሬም የሚጎላው «ይገባናል» እና «አይገባችሁም» የሚለው ድምፅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ድርሻ ለአንዱ ወገን ማጨብጨብ አይመስለኝም። የኪራዩን፣ የቀረጡን፣ የዋስትናውንና የዳኝነቱን ጥያቄ ማንሣት፣ ከተቻለም ቢቸና ገበያ ላይ ባለው ገበሬ ቋንቋ ማስረዳት ነው። በ1985 ዓ.ም. ይህን ሊጠይቁ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ከመማሪያ ክፍላቸው ወጥተው ነበር። እናንተ ዛሬ በክፍላችሁ ውስጥ ናችሁ፤ ስለዚህ ጠይቁ።