«ተደጋጋሚ ነው» ተብሎ የተዘጋው ሪፖርት

አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ አንድ ነገር በይን» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት እንደማወራ ጠብቀው ይሆናል። የማወራው ስለ ሶፍትዌር ነው። ግፊትም አለበት፣ አትስጉ።

የምሠራበት ተቋም ክፍት ምንጭ በሆነ የሕሙማን መዝገብ ይጠቀማል። አንድ ዓመት ነሐሴ 5 ለእርግዝና ክትትል የመጣችን እናት ለአራት ሳምንት ቀጠርናት፤ ጳጉሜን 3 ማለት ነው። ነርሷ ካርዱ ላይ በእጇ በትክክል ጻፈች። ሶፍትዌሩ ግን መስከረም 3 ብሎ መዘገበ። እናትየዋ በቀኗ ስትመጣ «ስምሽ የለም» ተብላ ተመለሰች። ከአምስት ቀን በኋላ ስትመጣ ግፊቷ 160/110 ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷም ልጇም ተርፈዋል።

ያን ዕለት ማታ ለአልሚዎቹ ጻፍኩ። በማግስቱ መልስ መጣ፦ «ተደጋጋሚ ነው»፤ ተዘጋ። በጣም ተናደድኩ። ከመጻፌ በፊት እኮ ፈልጌ ነበር! «ጳጉሜን» ብዬ፣ «ቀጠሮ» ብዬ። የመጀመሪያው ሰው የጻፈው ግን «13ኛ ወር» ብሎ ነው፤ እንዴት ላገኘው እችላለሁ? ከእኔ በፊትም ሌሎች በየራሳቸው ቃል ጽፈው ተዘግቶባቸዋል።

አልሚዎቹንም እረዳቸዋለሁ። አብዛኞቹ በትርፍ ጊዜያቸው በነፃ የሚሠሩ ናቸው፤ አንድ ነገር አሥር ጊዜ ማንበብ ያሰለቻል። ችግሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሪፖርት የሚናገረው ቀን በእጅ ሲጻፍ ስለሚፈጠር ስህተት ነበር፤ የእኔ ደግሞ ሶፍትዌሩ ራሱ ሳምንት ቆጥሮ ቀን ሲያወጣ ስለሚፈጠር። የእኔ ሲዘጋ ይህ ነገር አብሮ ተቀበረ። የመጀመሪያውን አስተካከሉ፤ የእኛ ቀጠሮ በሚቀጥለውም ጳጉሜን ተሳሳተ።

በኋላ ሳነብ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በኤክሊፕስ ሶፍትዌር ላይ የተሠራ ጥናት አገኘሁ፤ ተደጋጋሚ ሪፖርቶች የመጀመሪያው ያልያዘውን መረጃ ይዘው እንደሚገኙ ያሳያል። ሞዚላ የሚጠቀምበት ባግዚላ ደግሞ ሰው ርዕሱን ሲጽፍ ተመሳሳይ የሆኑትን እዚያው ያሳየዋል። ድግግሞሽ የሚቀንሰው እንዲህ ከበሩ ላይ ነው። ግን ቃላቱ ካልገጠሙ ይህም አያድንም።

ሪፖርት መለየቱን እነሱም «ትሪያጅ» ይሉታል፣ ከእኛ ወስደው። እኛ ትሪያጅ ላይ ከአንድ ቀበሌ ሦስተኛው ተቅማጥ ያለበት ልጅ ሲመጣ «ይሄንንማ ሰምተናል» ብለን እንመልሳለን? ይልቅ የዚያን ጊዜ ነው የምንደነግጠው።

ስለዚህ ተኳርፌ ከመቅረት ሥራ ጠየቅኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት የተዘጉትን አነባለሁ፤ አዲስ ነገር ያለበትን ወደ ክፍቱ ሪፖርት አዛውራለሁ፤ ርዕሱ ላይ ነርሶቻችን የሚሉትን ቃል እጨምራለሁ። አሁን «ጳጉሜን» ብሎ የፈለገ ያገኘዋል፤ ያገኘ ደግሞ አዲስ አይከፍትም፣ ያየውን እዚያው ሥር ይጽፋል።

ገና ያልተነበቡ ብዙ አሉ። ቅዳሜ አንድ ሰዓት የሚተርፈው ሰው ካለ ከምሳ በኋላ ያግኘኝ፤ መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ላኩልኝ። ኮድ አልችልም እንዳትሉኝ ብቻ፤ እኔም አልችልም።