ዝነኛ ደራሲ ስሙን ስለ ምን ይሸሽጋል?
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጀማሪ ጸሐፊ በብዕር ስም ቢጠቀም ነገሩ አያስገርምም፤ ሹም ፈርቶ ወይም ዘመድ አፍሮ ይሆናል። ስሙ ብቻውን መጽሐፍ የሚያሸጥለት ደራሲ ግን ያንን ስም ጥሎ እንደ እንግዳ ሰው ብቅ ሲል ምክንያቱ ምንድር ነው? ዛሬ ልንመረምረው የተነሣነው ይኸንን ነው።

የፈረንሳዩን ደራሲ ሮማን ጋሪን እንውሰድ። (ጋሪ በእኛ ቋንቋ ፈረስ የሚጎትተው ነው፤ በሩሲያኛ ግን «ተቃጠል» ማለት ነው።) በ1914 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቪልኒውስ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደ ፈረንሳይ መጥቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል ተዋግቶ፣ በኋላም በዲፕሎማትነት አገልግሏል። በ1956 የጎንኩርን ሽልማት ተቀበለ። ይህ ሽልማት ለአንድ ደራሲ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው።

እየቆየ ግን ሐያስያኑ ጋሪን «አውቀነዋል፣ ጨርሷል» ማለት ጀመሩ። እሱም መጽሐፉን ሳይገልጡ በስሙ ብቻ የሚፈርዱበት መሰለው። ስለዚህ በ1974 ኤሚል አዣር በሚል ስም አንድ ልብ ወለድ አሳተመ። «ዣር» ደግሞ በሩሲያኛ ፍም ነው፤ ምልክቱን በግልጽ አስቀምጦት ሳለ ብዙው አንባቢ ልብ አላለውም። በ1975 ሁለተኛው መጽሐፍ ወጣ፤ ሞሞ የሚባል ዐረብ ልጅና ያሳደገችው አሮጊት አይሁዳዊት የማዳም ሮዛ ታሪክ ነው። አንባቢ ተሻማበት። የጎንኩር ዳኞችም ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ሽልማቱን ሰጡት። አዣር አልቀበልም ቢልም ውሳኔያቸውን አልለወጡም።

አዣርን በአካል ለማየት የፈለጉ ስለ በዙ፣ ጋሪ የቅርብ ዘመዱን ፖል ፓቭሎቪችን «እኔ አዣር ነኝ» እንዲል አደረገው። ጋዜጠኞች ዝምድናውን ሲደርሱበት ደግሞ ጋሪ እውነቱን በአደባባይ ካደ። ከዚያ ወዲያ በየግብዣው «ምስኪን ጋሪ፣ በዘመዱ ዝና ሳይቀና አይቀርም» እያሉ ያዝኑለት ጀመር!

እንግሊዛዊቱ ዶሪስ ሌሲንግም ጄን ሶመርስ በሚል ስም ጽፋ ስትልክ፣ የራሷን መጻሕፍት ሲያሳትምላት የኖረው ድርጅት ሳያውቅ መለሰባት። ሌላ አሳታሚ በ1983 ቢያወጣው የገዛው ጥቂት ሰው ነበር። በ1984 ራሷ ምስጢሩን ገለጠች፤ ላልታወቀ ጸሐፊ በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ለማሳየት ነበር ዓላማዋ። ይህችው ሴት በ2007 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለች።

መምህራኖቻችን ይፍቀዱልንና፣ የእኛስ የፈተና ወረቀት ስሙ ተሸፍኖ ቢታረም ውጤቱ እንደ አሁኑ ይሆን ነበርን? እኛም ብንሆን የጓደኛችንን ግጥም የምናጨበጭብለት ግጥሙን ሰምተን ነው ወይስ ባለ ግጥሙን ዐውቀን?

ሆኖም ጋሪን ያለ ነቀፌታ አናልፈውም። የሌሲንግ ሙከራ የጎዳው ቢኖር የራሷን ገበያ ነው። የ1975 ሽልማት ግን ለአንድ እውነተኛ ጀማሪ እንጀራ ሊሆነው ይችል ነበር። ፓቭሎቪችም ባልጻፈው መጽሐፍ እየተመሰገነ ዓመታት አሳለፈ፤ ይህ ለአንድ ወጣት ቀላል ሸክም አይመስለንም።

ጋሪ በ1980 መጨረሻ ራሱን ገደለ። ምስጢሩን የገለጠበት ጽሑፍ የታተመው በ1981 ነው። ጎንኩርን ሁለት ጊዜ የወሰደ ሰው ከእሱ በቀር እስከ ዛሬ የለም።