ስለ ዲስክ ተቆጣጣሪ ድራይቨር አመራረጥና አጫጫን
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ርእስ ከድልድይና ከግድብ ሥራ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ መስሎ እንደሚታይ አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ ትንሽ የምትመስለው ነገር ሳትታወቅ ስትቀር የምታስከትለውን ጉዳት ራሴ ስላደረስሁት፣ ጥፋቴን ሳልሸሽግ ባቀርበው ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

እንደሚታወቀው ገላን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች። በእነዚህ አካባቢዎች ባሉት ፋብሪካዎች የመኪናው ሚዛን፣ የመጋዘኑ መዝገብና የደመወዙ ስሌት በኮምፒውተር ላይ የተመሠረቱ ሆነዋል። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ማሽኑ ብቻ ሳይሆን እነዚህም ይቆማሉ።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። በማግስቱ ጧት የሚዛኑ ኮምፒውተር ሲከፈት በመጀመሪያ ቀንና ሰዓት እንዳልተሞላ የሚገልጽ ማሳሰቢያ አሳየ፤ እኔም ሳላነብ አለፍሁት። ቀጥሎ «ኢንአክሴሲብል ቡት ዲቫይስ»፣ ማለትም የማስነሻው ዲስክ ሊደረስበት አልቻለም የሚል ሰማያዊ ገጽ መጣ። በበሩ ላይ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ነበርና ቸኮልሁ። ዲስኩ ተበላሽቷል ብዬ ፎርማት አደረግሁት፤ ዊንዶውስንም እንደ አዲስ ጫንሁ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ የሦስት ዓመት የሚዛን መዝገብ ግን ጠፋ። ቅጅ አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ መጡ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ ጧት ስትከፍተው ሰዓቱ ስንት ይል ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አላየሁትም ጋሼ» አልኋቸው። ክዳኑን ከፍተው የማዘርቦርዱን ባትሪ በሜትር ለኩት፤ ሞቷል። ከዚያ በኋላ አንዳች ሳይናገሩ ሄዱ። ዝምታቸው ከተግሣጽ ይልቅ ከበደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ መብራት በሌለበት ጊዜ ሰዓቱን፣ በብዙ ኮምፒውተሮችም የባዮሱን ምርጫዎች ትጠብቃለች። እርሷ ስትሞትና መብራት ሲጠፋ ባዮሱ ፋብሪካው ወደ ሰጠው መነሻ ምርጫ ይመለሳል። የእኛ ኮምፒውተር ዊንዶውሱ የተጫነው በኤኤችሲአይ ስልት ሲሆን፣ የባዮሱ መነሻ ምርጫ ግን ሬይድ ነበር። ዲስኩ ደኅና ነበር፤ የተለወጠው ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ነው። ምርጫውን ወደ ነበረበት መመለስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ይህን ለመረዳት የንብረት ክፍልን አሠራር እናስታውስ። ሞዴል 22 በደንቡ ተሞልቶ ካልቀረበ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እየታየ እንኳ አይወጣም። የዲስክ ተቆጣጣሪው እንደ ንብረት ክፍሉ ሹም ነው፤ ድራይቨሩ ደግሞ ቅጹን አሞላል የሚያውቀው ጸሐፊ ነው። ሹሙ ቅጹን ከለወጠ፣ ዊንዶውስም በመነሻው ሰዓት አዲሱን ቅጽ የሚያውቅ ጸሐፊ ካላዘጋጀ፣ ዕቃው ሳይጠፋ ሥራው ይቆማል።

የቅጹ ዓይነትም ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የማይታወቅ ተቆጣጣሪ ሲያጋጥም በመጫኛው መጀመሪያ ላይ ኤፍ6 ተጭኖ ድራይቨሩን በፍሎፒ ማቅረብ የተለመደ ነበር። ኤኤችሲአይ 32 ትእዛዞችን የሚይዝ አንድ ወረፋ ብቻ ሲኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኤንቪኤምኢ ግን እስከ 65 ሺህ የሚደርሱ ወረፋዎችን ይፈቅዳል። ዊንዶውስ ከ8.1 ጀምሮ የኤንቪኤምኢ ድራይቨር በውስጡ ይዟል። ታዲያ ችግሩ አበቃን? አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2020 ብቅ ያሉት የኢንቴል 11ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ባሏቸው ብዙ ላፕቶፖች ዲስኩ ቪኤምዲ ከሚባል ተቆጣጣሪ ጀርባ ይቀመጣል። ስለሆነም መጫኛው አንድም ዲስክ አላገኘሁም ሲል ይታያል፤ ባለንብረቱም አዲስ ዲስክ ለመግዛት ይሮጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከልምድ ያገኘሁትን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን እንመልከት። ቀኑ ወደ ኋላ ሄዶ ከተገኘ ጥርጣሬያችን በቅድሚያ በባትሪውና በባዮሱ ምርጫ ላይ ይሁን። ፎርማት ማድረግ የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪውን በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ እንወቀው። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የሃርድዌር መለያው ላይ 8086 የሚለው አኃዝ ኢንቴልን፣ 1022 የሚለው ኤኤምዲን ያመለክታል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የተቆጣጣሪውን ዓይነት ይነግረናል።

ሦስተኛ፣ ድራይቨሩን በቅድሚያ ከኮምፒውተሩ አምራች፣ በሞዴሉ ፈልገን እናውርድ፤ ከዚያ ካልተገኘ ወደ ቺፑ አምራች እንሂድ። ምንጩ ሳይታወቅ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የድራይቨር ጥርቅም ከቫይረስ ጋር ሊመጣ፣ የማይስማማውንም ሊጭን ይችላል።

አራተኛ፣ መጫኛው ዲስክ አላገኘሁም ሲል «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን እንምረጥ። በፍላሹ ላይ መቀመጥ ያለበት የታሸገው የ«ኢኤክስኢ» ፋይል ሳይሆን ተፈትቶ የወጣው የ«አይኤንኤፍ» ፋይል ከተጓዳኞቹ ጋር ነው። ከመሣሪያው ጋር የማይስማሙትን ደብቅ የሚለው ምልክት እንዳለ ይቆይ፤ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ የያዝነው ድራይቨር ሌላ መሆኑን ያስረዳናል። ቪኤምዲን በባዮስ መዝጋትም ይቻላል፤ ነገር ግን በቪኤምዲ የተጫነ ዊንዶውስ ካለ ያው ሰማያዊ ገጽ ይመጣል።

አምስተኛ፣ በሥራ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ወደ ኤኤችሲአይ ማዛወር ቢያስፈልግ፣ አስቀድመን በሴፍ ሞድ እንዲነሣ እንዘዘው፤ ከዚያም ባዮሱን እንለውጥ። ዊንዶውስ 10 እና 11 በሴፍ ሞድ ሲነሡ ተስማሚውን ድራይቨር ያስገባሉ፤ ቀጥሎ ትእዛዙን እንሰርዛለን። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን ባለ 48 አኃዙን የመክፈቻ ቁጥር በእጃችን ሳንይዝ ባዮሱን አንንካ። ከሁሉም በፊት ቅጅ ይቀመጥ።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ ካርድ ይዘጋጅ፤ ሞዴሉ፣ የተቆጣጣሪው ስልትና ባትሪው የተለወጠበት ቀን ይጻፍበት። ለሞተሩ ግሪስ የምንቀባበት የጥገና መርሐ ግብር ለዚህች ትንሽ ባትሪም አንድ መስመር አይንፈጋት።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ያን መዝገብ እኔና የሚዛኑ ሠራተኛ ከደበዘዙ የካርቦን ቅጆች እያነበብን መልሰን ጻፍነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ሦስት ወር ፈጀብን፤ ፈጽሞ ያልተነበቡ ቅጠሎችም ቀሩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስሁትን ሁሉ ለመልቀም አልቻልሁም። ከእናንተ አንዱ ነገ ጧት ያን ሰማያዊ ገጽ ሲያይ እጁን ሰብስቦ ሰዓቱን ቢመለከት፣ የዛሬው ንግግሬ ዋጋውን አግኝቷል።