ከሽሪምፑ በፊት ውኃው



ዛሬ የምናገረው ርዝመቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ዕድሜውም ከ1 እስከ 2 ዓመት ስለሆነ ፍጡር ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኒዮካሪዲና ዳቪዲ ነው፤ አርቢዎች ቼሪ ሽሪምፕ ይሉታል። የትውልድ ቦታው የምሥራቅ እስያ ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ነው። ላስረዳችሁ የምሻው አንድ ነገር ነው፦ ሽሪምፕ የሚያረባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የውኃ ጠባቂ ነው።

ጀማሪ የመስታወት ገንዳውን ገዝቶ፣ ውኃ ሞልቶ፣ በዚያው ዕለት ሽሪምፖቹን ይለቅቃል። በሳምንቱ ሞተው ያገኛቸዋል። ውኃው ግን ኩልል ያለ ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ከኩሳቸውና ከተራረፈ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ በዓይን አይታይም። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ እስኪበረክቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ቤቱ መሰናዳት አለበት።

የእኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ነው፤ የሽሪምፕ ደም ግን በመዳብ። ሆኖም በውኃው የሟሟ መዳብ ሲበዛ ይገድለዋል። ስለዚህ መዳብ ያለበትን የዓሣ መድኃኒት ሽሪምፕ ባለበት ገንዳ አትጨምሩ። የቧንቧ ውኃም ክሎሪኑ ሳይወገድ አይግባ። ሽሪምፕ ሲያድግ ቅርፊቱን አውልቆ ይጥላል። ባዶውን ቅርፊት አይታችሁ ሞተ ብላችሁ አትደንግጡ፤ በውስጡ ያለውን ካልሲየም መልሰው ስለሚመገቡት እዚያው ተዉላቸው።

ውኃው ከተስማማቸው መራባታቸው አስተማሪ አይሻም። እናቲቱ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ እንቁላሎችን ከሆዷ ሥር አቅፋ፣ በትንንሽ እግሮቿ እያራገበች ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ትሸከማቸዋለች። የሚፈለፈሉት ግልገሎች ከመጠናቸው በቀር ፍጹም ወላጆቻቸውን ይመስላሉ። ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ የውኃ ሽበት እንዲበሉለት በገንዳዎቹ ያስገባቸው፣ በስሙም የሚጠሩት ሽሪምፖች ግን እንዲህ አይደሉም፤ እጮቻቸው ጨዋማ ውኃ ካላገኙ አያድጉም።

የዱሩ ቼሪ ሽሪምፕ መልኩ ቡናማ ነው። ደማቅ ቀዩ የመጣው አርቢዎች ለብዙ ትውልድ ቀያዮቹን እየመረጡ በማዳቀላቸው ነው። ሌላው ጃፓናዊ ሂሳያሱ ሱዙኪም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከጥቁርና ነጭ ሽሪምፖቹ መካከል ብቅ ያለውን ቀይ ለይቶ በማራባት ክሪስታል ሬድ የሚባለውን ዘር አስገኘ። የቼሪ ሽሪምፕን ቀለሞች ሁሉ በአንድ ገንዳ የሚያደባልቅ ሰው ግን ከጥቂት ትውልድ በኋላ ቡናማውን መልሶ ያገኘዋል።

አሁን ከመስታወቱ ውጪ ወዳለው ውኃ ልውሰዳችሁ። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት ማታኖ የሚባል ጥልቅ ሐይቅ አለ። ካሪዲና ዴነርሊ የተባለችው ነጭ ነጠብጣብ ያላት ቀይ ሽሪምፕ በተፈጥሮ የምትገኘው በዚያ ብቻ ነው፤ ሳይንስ ስም የሰጣት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዛሬ ግን ሰዎች ለጌጥ ያዳቀሏቸው ፍላወርሆርን የሚባሉ ዓሦች ሐይቁን ወረውታል፤ ሽሪምፗም ከመጥፋት አፋፍ ደርሳለች። በየአገሩ ባሉ አርቢዎች ገንዳ ግን ትራባለች። አንዱ ገንዳ ዘር ሲያተርፍ፣ ሌላው ገንዳ ወደ ሐይቅ ሲደፋ ዘር ያጠፋል።

ቼሪ ሽሪምፕ ራሱ በጀርመን ጊልባኽ በሚባል፣ ከኃይል ማመንጫ በሚወጣ ሙቅ ውኃ በሚሞቅ ጅረት ውስጥ ዘሩን ተክሏል። እኛም ትምህርቱን በጣና ሐይቅ አይተነዋል፤ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ የተባለው አረም ከደቡብ አሜሪካ ወደ ሌሎች አህጉራት የተሻገረው ለአበባው ውበት ሲባል ነበር።

ስለዚህ አደራ እላለሁ። ሽሪምፕ የምታረቡ፣ ከበዛባችሁ ለሌላ አርቢ ስጡ እንጂ በወንዝ፣ በሐይቅ ወይም በቦይ አትልቀቁ። የገንዳችሁን አሮጌ ውኃ ከወንዝ አርቃችሁ በአትክልታችሁ ሥር አፍስሱት፤ በውስጡ ያለው ናይትሬት ለተክል ማዳበሪያ ነው።